ከ11 ኪሎ ገብስ፦ የኅዳር ሩጫ፣ ልጆችና የቤት ጠላ

ሥራ ያለውና ትናንሽ ልጆች የሚያሳድግ አባት ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ መዘጋጀትም፣ በራሱ እጅ ጠላ መጥመቅም ይችላል። ሁለቱም በየቀኑ ብዙ ሰዓት አይጠይቁም። ከባዱ ሥራቸው ጥቂት ቀናት ላይ ይወድቃል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። ዋናው ነገር ከባዶቹ ቀናት እርስ በርሳቸውም፣ ከልጆቹ ሰዓት ጋርም እንዳይጋጩ አስቀድሞ ማደላደል ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር አሸናፊው ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በኅዳር ስለሚካሄድ፣ ከእንቁጣጣሽ ማግስት የተነሳ ሰው ወደ 10 ሳምንት ገደማ አለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተሰላው በዚያ ነው።

ገብሱ

ሩጫውንም ጠላውንም የሚያገናኛቸው ገብስ ነው። 11 ኪሎ ይገዛል፤ ተለቅሞ ግማሽ ኪሎ ያህል ይጎድላል። ከቀረው 2 ኪሎ ለብቅል፣ 1 ኪሎ ተኩል ለቂጣ፣ 4 ኪሎ ለአሻሮ (ተቆልቶ ተፈጭቶ ጠላው ውስጥ ለሚገባው)፣ 2 ኪሎ ለበሶ፣ 1 ኪሎ ደግሞ ለልጆች ቆሎ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ሰው እህል በረንዳ ቢሄድ ምርጫ ያገኛል፤ ነገር ግን ለበሶና ለቆሎ የሚሆነው የተፈተገ፣ ለብቅል የሚሆነው ደግሞ ያልተፈተገ መሆን እንዳለበት ለነጋዴው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የተፈተገ ገብስ አይበቅልም፤ ውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይሸታል።

ከመዘፍዘፋችሁ በፊት 20 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ሦስት ቀን አስቀምጡ። 18 እና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ገብሱ ለብቅል ይሆናል። ከ15 በታች ከሆነ ለአሻሮ አውሉትና ለብቅል ሌላ ፈልጉ። ይህን ፈተና ለልጆች ስጧቸው፤ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በየጠዋቱ ከፍቶ መቁጠር ይችላል፣ ደግሞም በደስታ ይቆጥራል።

የሩጫው ሳምንት

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ረቡዕና አርብ የሚጾም ሰው በእነዚያ ቀናት ያርፋል፤ እሁድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ ይተርፋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ 12 ሰዓት ከ50 የሚመለስ አባት ልጆቹን አልብሶ፣ ቁርስ አብልቶ ትምህርት ቤት ለማድረስ ጊዜ አያጥረውም። ማታ ለመሮጥ ማቀድ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ የቤት ሥራው፣ ትራንስፖርቱና ድካሙ ይበሉታል።

ማክሰኞ 35–45 ደቂቃ ቀስ ያለ ሩጫ ነው። ሐሙስም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት እንደዚያው ነው። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን ሐሙስ 15 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አምስት ጊዜ 3 ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ በየመካከሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ይሆናል። የቅዳሜው ረጅም ሩጫ በደቂቃ ይለካል፦ 40፣ 45፣ 50፣ እንደገና 40፣ ከዚያ 60፣ 70፣ 60፣ 80፣ በዘጠነኛው ሳምንት 50። በአራተኛውና በሰባተኛው ሳምንት የሚቀነሰው ጅማትና አጥንት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ስለሚጠነክሩ ነው። ትንፋሹ ስለተሻለው ብቻ እነዚህን ሳምንታት የሚዘል ሰው የቋንጃ ወይም የተረከዝ ጅማት ሕመም ያተርፋል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚበላሸው በፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል፤ ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ስለዚህ ቀስ ያለው ሩጫ በእርግጥ ቀስ ያለ መሆን አለበት። መለኪያው ቀላል ነው፦ ሳይቆራረጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ዳገት ላይ በእግር መሄድ ምንም ነውር የለውም።

ለረጅሙ ሩጫ ከአስፋልት ይልቅ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ጫካ መሬት ለጉልበት ይመቻል፤ ነገር ግን ጎህ ሳይቀድ ብቻችሁን አትውጡ፣ ጅብ አለ። ልጆችን ይዞ ለመውጣት ጃን ሜዳ ይሻላል፦ እነሱ ኳስ ሲጫወቱ አባት ከዓይናቸው ሳይርቅ ዙሩን ይሮጣል። ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ካስነቃችሁ የሐሙሱን ጠንካራ ሩጫ ሰርዙ፣ የቅዳሜውን ግን አቆዩ። 10 ኪሎ ሜትር የሚያስጨርሰው ረጅሙ ነው። ትኩሳት ካለ ሁለቱም ይቀራሉ።

በሶው እዚህ ጋ ይገባል። የተፈተገው ገብስ ወርቃማ እስኪሆንና ውስጡ እስኪደርቅ በመካከለኛ እሳት ይቆላል፣ ቀዝቅዞ ይፈጫል። 50 ግራም፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጦ አንድ ማንኪያ ማርና ቁንጥር ጨው መጨመር ከሩጫ አንድ ሰዓት በፊት የሚበቃ ምግብ ነው፤ የጾም ቀንም ያገለግላል፣ በጾም ማር የማይቀምስ ሰው በስኳር ይተካል። ወፍራም በሶ ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ እሱን ከሩጫ በኋላ ጠጡት። በደንብ ያልተቆላ ከሆነ ደግሞ ሆድ ይነፋል፤ ጥርስ ላይ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት።

ብቅል፦ በሰባተኛው ሳምንት

ሰኞ ማታ ያልተፈተገው 2 ኪሎ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ውሃው ይለወጣል። ማክሰኞ ማታ ተጠልሎ፣ ኮባ ወይም የጉሎ ቅጠል በተነጠፈበት ቅርጫት ሁለት ጣት ውፍረት ይሰጣል፤ ከላይም በቅጠል ተሸፍኖ ቀለል ያለ ድንጋይ ይጫንበታል። በቀን አንድ ጊዜ ገልጦ ውሃ ማርከፍከፍና በእጅ ማገላበጥ የልጆች ሥራ ይሁን። መሃሉ ከሞቀ ወፈር ብሎ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ዘርጋ ይደረግ። ሥሩ የገብሱን ፍሬ ርዝመት ሲያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ አርብ ወይም ቅዳሜ፣ ተበትኖ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ብቅል ምጣድ ላይ አይደርቅም። ገብሱ ሲበቅል የሚፈጠሩት ኢንዛይሞች ናቸው በኋላ የቂጣውንና የእንኩሮውን (ረጥቦ ምጣድ ላይ የሚታመሰውን የአሻሮ ዱቄት) ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት፤ እሳት ካገኛቸው ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ጠላው ለምን እንደማይፈላ ምክንያቱ ይጠፋችኋል። መስከረም መጨረሻም ሆነ ጥቅምት ዝናብ ካገኛችሁ መስኮት ስር፣ ነፋስ ባለበት በስሱ ዘርጉት። ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሻጋታ ካወጣ ሙሉውን ጣሉት። ሻጋታውን አጥቦ መጠቀም አይገባም፤ እህል ላይ የሚወጣ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማጠብም በመፍላትም አይጠፋም። የደረቀው ብቅል ታሽቶ ሥሩ ይራገፋል፣ ሻከር ብሎ ይፈጫል። 1 ኪሎ ተኩል ያስፈልገናል።

ጥንስስ፦ በስምንተኛው ቅዳሜ

በዚህ ቅዳሜ 80 ደቂቃው ይሮጣል፤ የከሰዓቱ ሥራ ቀላል የሆነውም ለዚሁ ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ጋን በግራዋ ቅጠል እየታሸ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በወይራ ፍም ላይ ተደፍቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይታጠናል። ግራዋው ያጸዳል፤ ጢሱ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል፣ ለጠላውም ጠረኑን ይሰጠዋል። ጋን ከሌለ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ በርሜል ይሠራል፤ ፍም ላይ ግን አይደፋም። ጥንስሱን በታጠነ ትንሽ እንስራ ጀምራችሁ ወደ በርሜሉ ብትገለብጡት የወይራው ሽታ አብሮ ይሄዳል። ማጠኑ ደጅ ይሁን፤ ልጅም፣ በማግስቱ ሯጭ የሆነ ሰውም ጢስ በታፈነበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እርሾን ስለሚያዳክም ተፈልቶ ይቀዝቅዝ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ሲንተከተክ ቆይቶ ይውረድ።

400 ግራም የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ ጋኑ ውስጥ ይጠነሰሳል፣ ይከደናል። ጌሾ ሲገዛ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲሸት ምሬቱ የሚታወቅ ይሁን፤ ቡናማና የእርጥበት ሽታ ያለው ይቅር። ጌሾ ምሬት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ የሚያኮመጥጡትን ባክቴሪያዎች እየገታ እርሾው እንዲቀድም ያደርጋል። ምርጫው ካስቸገራችሁ የሰፈር እናቶችን ጠይቁ። ይህን ሙያ ይዘው ያቆዩት እነሱ ናቸው፤ አንዲት እፍኝ ጌሾ አሽተው የሚነግሯችሁን መጽሐፍ አይነግራችሁም።

ማክሰኞ ማታ ከ1 ኪሎ ተኩሉ ዱቄት ደህና የበሰለ ቂጣ ይጋገራል፤ ቀዝቅዞ ይቆራረሳል፣ ከግማሽ ኪሎ ብቅልና ከ3 ሊትር ውሃ ጋር ይጨመራል። ረቡዕ ማታ ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ጭስስ የሚል ድምፅ መሰማት፣ ላዩም አረፋ መያዝ አለበት። የኅዳር ሌሊት ስለሚበርድ ጋኑን ብርድ ልብስ አልብሱት፤ ከ18 ዲግሪ በታች እርሾው ይዘገያል። እስከ ሐሙስ ማታ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ሁለት እፍኝ አዲስ ብቅል በለብታ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩና ጋኑን ወደ ማድ ቤት አስጠጉት። አርብ 300 ግራም የተቆራረጠና የተወቀጠ የጌሾ እንጨት ከቀሪው 1 ኪሎ ብቅል ጋር ይገባል።

እንኩሮ፦ በዘጠነኛው ቅዳሜ

ከውድድሩ ስምንት ቀን በፊት ረጅሙ ሩጫ ወደ 50 ደቂቃ የሚወርደው እግር እንዲያርፍ ነው፤ በዚያ የተረፈው ጊዜ ለእንኩሮው ይሆናል። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መድቡ። ልጆቹን በዚህ ሰዓት ሌላ ሰው ይያዝ፤ የጋለ ምጣድ አጠገብ የሚሯሯጥ ልጅ ካለ ሥራው አይጀመር።

4 ኪሎው ገብስ ቀድሞ ጠቆር ያለ ቡናማ እስኪሆን ተቆልቶ ይፈጫል፤ አሻሮ ይህ ነው። የጠላው ቀለም የሚወሰነው እዚህ ነው። ከሰል እስኪመስል ከቆላችሁት ግን ጠላው ጉሮሮ የሚከረክር ምሬት ይይዛል፤ ከጌሾ ምሬት ጋር አይምታታባችሁ፣ የጌሾው ምላስ ላይ ቀርቶ ይጠፋል፣ የአረረው አይጠፋም። ዱቄቱ በ2 ሊትር ውሃ ይረጥባል፤ በመዳፍ ሲጨበጥ ይያያዛል፣ ሲነካ ይፈረፈራል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ምጣድ ላይ እየታመሰ ይበስላል። እያንዳንዱ ምጣድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ጥሬ ዱቄት ዱቄት መሽተቱ ሲቀርና የዳቦ ቅርፊት ሽታ ሲመጣ ይወጣል። ከምድጃው መነሳት የለም፣ ግርጌው በቅጽበት ይያዛል።

እንኩሮው ትሪ ላይ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ጋን ውስጥ የሚገለብጥ ሰው እርሾውን ይገድለዋል፤ የሁለት ሳምንት ሥራ የሚጠፋበት ዋናው ስህተት ይኸው ነው። እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ ከሆነ በኋላ ከ3 ሊትር ውሃ ጋር ተጨምሮ በንጹህ የእንጨት ማማሰያ በደንብ ይማሰላል። አሁን ድፍድፍ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይነሳል፣ ይገነፍላል፤ ስለዚህ ጋኑ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሙላ፣ ክዳኑም ላላ ይበል። በየጠዋቱ አንድ ጊዜ ወደ ታች ይገፋ። ላዩ የሚደርቀው እህል አየር ካገኘ ኮምጣጤ የሚያመጣው ባክቴሪያ እዚያ ላይ ይራባል።

ረቡዕ ማታ 10 ሊትር የቀዘቀዘ የፈላ ውሃ ይጨመራል፣ አንድ ጊዜ ተማስሎ አፉ በጨርቅና በክዳን ጥብቅ ተደርጎ ይታሸጋል፤ ጋን ከሆነ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ከዚህ በኋላ መክፈትና መቅመስ ክልክል ነው። ጉጉት የሚያኮመጥጠው ጠላ ብዙ ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ 30 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ ሐሙስ ሦስት ጊዜ 3 ደቂቃ ብቻ ይሮጣል።

ቅዳሜና እሁድ

ቅዳሜ ከሰዓት ጠላው ይጠለላል፦ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ። 14 ሊትር ያህል ይወጣል። ጨርቁን አትጭመቁ፤ ዱቄቱ አብሮ ይወርድና ጉሽ ይሆናል። ጋኑ እንደተከፈተ ራስን ወደ ውስጥ ማስገባት አደጋ አለው፤ ሲፈላ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግርጌው ላይ ተኝቷል። ልጅ ደግሞ በፍጹም አጠገቡ አይቁም።

የተጠለለው ጀሪካን ውስጥ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። በሃይላንድ የምትከፋፍሉ ከሆነ ሦስት አራተኛውን ብቻ ሙሉና በየሦስት ሰዓቱ ክዳኑን ከፍታችሁ አስተንፍሱት። የመስታወት ጠርሙስ አትጠቀሙ። ገና የሚፈላ ጠላ ጠርሙስ ያፈነዳል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አይደለም። ቅዳሜ ማታ ማንም ሯጭ አይጠጣ፤ ትንሹም አልኮል እንቅልፍ ያቆራርጣል።

እሁድ ከውድድሩ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት በሶ፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ። በሕዝቡ መሃል የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር መሮጥ አይቻልም፤ መንገዱ ሲከፈት ለማካካስ አትሩጡ፣ ዳገቱ ላይ ትከፍሉበታላችሁ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ሽሮ ወይም ፍርፍር ጨውም ጉልበትም ይመልሳል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ውድድሩ ከዚያ በኋላ ከዋለ ገበታው የጾም ይሆናል፤ ጠላው ግን አይከለከልም። ጠላው ከምግብ በኋላ፣ ሽንት ወደ ገረጣ ቢጫ ሲመለስ ነው የሚቀርበው። አልኮል ራሱ ውሃ ስለሚያስወጣ በባዶ ሆድና በደረቀ ሰውነት ላይ ሲገባ ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል። ደህና የተጠነሰሰ የቤት ጠላ ከፋብሪካ ቢራ የማያንስ አልኮል ሊኖረው ይችላልና መኪና የሚነዳ እንግዳ በሶ ይሰጠው።

ለልጆች ብርዝ አዘጋጁ፦ አንድ እጅ ማር፣ አምስት እጅ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በዚያው ቀን የሚጠጣ። ማደር የለበትም፣ መፍላት ይጀምራል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ጠላው ከኮመጠጠ

ለስላሳ ኮምጠጥ ማለት የጠላ ጠባይ ነው። አፍንጫ የሚወጋ ኮምጣጤ ከሆነ አየር ገብቷል፤ አይድንም። ውሃ ውሃ ካለ ብቅሉ ደክሟል ወይም የመጨረሻው ውሃ በዝቷል፤ በሚቀጥለው ከ10 ወደ 8 ሊትር አውርዱት። ጣፋጭ ሆኖ ከቀረ ፍላቱን አልጨረሰም፤ ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ቀን ጨምሩለት፣ በዚያ ሁኔታ ግን አታሽጉት።

ከአገር ውጭ ላላችሁ

በዋሽንግተን አካባቢ የሐበሻ ሱቆች የጌሾ ቅጠሉንም እንጨቱንም ይሸጣሉ። ብቅል ማብቀል ካልተመቸ የቢራ መጥመቂያ ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ነጣ ያለውን የገብስ ብቅል ግዙ፤ ጠቆር ያለውና የተቆላው ኢንዛይም ስለሌለው እሱን አይተካም። አሻሮውን ምጣድ ላይ ከመቁላትና የጢስ ማስጠንቀቂያውን ከማስጮህ በኦቨን በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በየ10 ደቂቃው እያገላበጡ 40 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይቻላል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሁለት አዋቂ ያሉበት ቤት ለራሱ ፍጆታ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቢራ መጥመቅ ይችላል። ሳዑዲና ኩዌት አልኮል መጥመቅ ክልክል ስለሆነ እዚያ ያላችሁ በበሶውና በብርዙ ብቻ ተወሰኑ።

ለውድድሩ ከዝቅተኛ አገር የምትመጡ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በእግር መሄድና 20 ደቂቃ ሶምሶማ ብቻ አድርጉ፣ ጠላም አትቅመሱ። ሩጫው ላይም እቤታችሁ ከምትሮጡበት ፍጥነት በኪሎ ሜትር ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ቀንሱ።

ጠላው ካለቀ በኋላ ጋኑ ውስጥ በቀረው እህል ላይ 4 ሊትር ውሃ ጨምሮ አንድ ሌሊት ማሳደር ቅራሪ ይሰጣል፤ ቀላል ስለሆነ ሰኞ ማታ ከእራት ጋር ይሄዳል። አተላው በግ ወይም ላም ላለው ጎረቤት ይሰጥ። ጋኑ በዚያው ቀን ይታጠብ፤ ከደረቀበት በኋላ ግራዋም አያላቅቀውም። ሩጫው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይረፍ።